44 ሺህ ሳጥኖች፦ የህንድ ቴሌቪዥን የተመዘነበት ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የህንድን ቴሌቪዥን አነሳለሁ። ድራማውንና ፊልሙን ብዙዎቻችን ስለምናውቀው እሱን ልተወውና ከጀርባው ስላለው የተመልካች ቁጥር፣ እነሱ ቲአርፒ ስለሚሉት ነገር ላውራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ2020 በወጣው ግምት ህንድ ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች 210 ሚሊዮን፣ ተመልካቾቹ 892 ሚሊዮን ነበሩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን እንደሚያይ ያኔ ይታወቅ የነበረው ግን መለኪያ ሳጥን ከተገጠመላቸው 44 ሺህ ገደማ ቤቶች ነው። አካፍሉት፤ አንድ ቤት ወደ 4,800 ለሚጠጉ ቤቶች ይመሰክር ነበር።

መለኪያውን የሚያካሂደው ባርክ የሚባል ተቋም ነው። ሥራውን የጀመረው በ2015 ሲሆን ከሱ በፊት ታም የተባለ ድርጅት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ሥርጭቱን ወደ ሳተላይት ከመላኩ በፊት በድምፁ ውስጥ ጆሮ የማይሰማው ምልክት ይቀብራል። በተመረጠው ቤት ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠው ሳጥን ይህን ምልክት እያዳመጠ የትኛው ጣቢያ በየትኛው ደቂቃ እንደተከፈተ ይመዘግባል። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ሳጥኑ አይደለም። ለቤተሰቡ አንድ ሪሞት ይሰጣል፤ ለአባት አንድ ቁልፍ፣ ለእናት አንድ፣ ለልጆቹም ለየብቻ። ሰው ሲቀመጥ የራሱን ቁልፍ ይጫናል፤ ሲነሳም እንደገና ይጫናል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። እናት ወጥ ልታማስል ወደ ማድቤት ስትሄድ ቁልፉን ካልነካች ባዶ ሶፋ ማስታወቂያ ሲያይ ቆየ ተብሎ ይመዘገባል። ልጁ ቁልፉን ከረሳ ደግሞ አላየም ይባላል። ድምፁ ከተዘጋ ምልክቱ ስለማይሰማ ሳጥኑ የሚይዘው ነገር የለም። ሻይ ቤት ተሰብስቦ የሚያየው ሰውም በዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም፤ የሚለካው መኖሪያ ቤት ብቻ ነውና።

ቤቶቹን ለመምረጥ መጀመሪያ የኑሮ ደረጃ ይወጣል። ስለ ገቢ ቢጠየቅ እውነቱን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ይታያል፤ የቤቱ ዋና ገቢ አስገኚ የትምህርት ደረጃና ከ11 ንብረቶች ስንቱ ቤቱ እንዳለው። ዝርዝሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ የእርሻ መሬት ሁሉ አሉ። ይህ በጣም የማደንቀው ዘዴ ነው። አብዛኛውን ንብረት ጠያቂው በአንድ ጉብኝት በዓይኑ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የናሙና ማነስ በራሱ ነውር አይደለም። በጥንቃቄ የተመረጠ 44 ሺህ ቤት ለአገር አቀፍ ድምር ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩ ሲሸነሸን ነው። የእንግሊዝኛ ዜና ጣቢያዎች የሚፎካከሩት በመላው ሕዝብ ላይ ሳይሆን ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት በላይ በሆነ፣ ከፍ ባለ የኑሮ ደረጃ ባሉ የከተማ ወንዶች ላይ ነው። እንበልና በአንድ ከተማ 1,500 ሳጥን አለ። ከመቶ አንድ ቤት ያንን ጣቢያ ቢያይ 15 ቤት ነው። ከነዚያ ውስጥ ሦስቱ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ከሄዱ ጣቢያው በአንድ ሳምንት ሃያ ከመቶ ተመልካቹን አጣ ይባላል። አንድም ሰው ግን ጣቢያውን አልጠላም።

ገንዘቡ ደግሞ የተንጠለጠለው በዚሁ ቁጥር ላይ ነው። ህንድ ውስጥ የማስታወቂያ ጊዜ የሚሸጠው በ10 ሰከንድ ሲሆን በደንቡ መሠረት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ12 ደቂቃ በላይ ማስታወቂያ አይፈቀድም፤ 10ሩ ለንግድ፣ 2ቱ ለጣቢያው ለራሱ። ጊዜው የተገደበ ከሆነ ገቢ የሚጨምረው የአሥሯ ሰከንድ ዋጋ ሲጨምር ነው፤ ዋጋዋን የሚወስነው ደግሞ ባርክ የሚያወጣው የተመልካች ቁጥር ነው። ለዓመታት ቁጥሩ በየሐሙሱ ሲወጣ አዘጋጆች በደቂቃ በደቂቃ የተሰመረውን ግራፍ ይዘው የትኛው እንግዳ ሲናገር ተመልካች እንደጨመረ ይፈትሹ ነበር። ዘጋቢ ወደ ገጠር ልኮ ከማስዘገብ ስምንት ሰው በስምንት መስኮት አስቀምጦ ማጯጯህ ይረክሳል፤ መስመሩንም ቶሎ ያነሳዋል። በ2020 ክረምት በወረርሽኙ መሃል የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ሩብ ዓመት በ23.9 ከመቶ መውረዱ በተነገረበት ሰሞን፣ ብዙ የዜና ጣቢያዎች ምሽታቸውን ሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ወጣት የቦሊውድ ተዋናይ ሞት ነበር። እኔ ይህን የጋዜጠኞቹ ጠባይ ብቻ አድርጌ አላየውም። የተሰጣቸው ሚዛን የሚሸልመው ያንን ነው።

አሁን አንድ ስሌት ልሥራላችሁ፤ ይህን የያዘ ሰው የትኛውንም የጣቢያ ጉራ መመርመር ይችላል። ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው ተደራሽነት ነው፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያየ ሰው ሁሉ ይቆጠራል። ሁለተኛው አማካይ የደቂቃ ተመልካች ነው፤ በየደቂቃው በአማካይ ስንት ሰው እንደነበረ ያሳያል። የ60 ደቂቃ ዝግጅት እንውሰድ። 10 ሚሊዮን ሰው ደርሶት እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ከቆየ፣ አማካዩ 500 ሺህ ነው። ሌላ ጣቢያ ለ2 ሚሊዮን ሰው ብቻ ደርሶ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢቆይም አማካዩ ያው 500 ሺህ ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ ተመልካቾች በበሩ ያለፉ መንገደኞች ናቸው፤ የሁለተኛው ግን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

መንገደኛን ደግሞ በገንዘብ ማብዛት ይቻላል። ሪሲቨራችሁን ስታበሩ መጀመሪያ የሚመጣ ጣቢያ አለ አይደል? ህንድ ውስጥ ያች ቦታ ትሸጣለች። ጣቢያው ለኬብል ድርጅቱ ይከፍላል፤ ሰዉ ሪሞቱን እስኪያገኝ፣ የሚፈልገውን ቁጥር እስኪጫን ሳጥኑ የዚያን ጣቢያ ምልክት ይሰማል። ተደራሽነቱ በአንድ ሳምንት ይተኮሳል፤ በነፍስ ወከፍ የታየው ደቂቃ ግን ይወርዳል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ በተቃራኒ ሲሄዱ ካያችሁ፣ የተገዛ መግቢያ መኖሩን ጠርጥሩ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2018 መጨረሻ ሊከለክለው ሞክሮ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የይግባኝ ሰሚው ችሎት ትእዛዙን ሻረው።

በጥቅምት 2020 የሙምባይ ፖሊስ ያወጣው ክስ ከዚህም የባሰ ነበር። ሳጥን ያላቸውን ቤቶች አድራሻ የሚያውቁ ሰዎች ለአንዳንድ ቤተሰቦች በወር ጥቂት መቶ ሩፒ እየከፈሉ የተወሰነ ጣቢያ ከፍተው እንዲተዉ አድርገዋል የሚል። የተከሰሱት ክደዋል፤ ጉዳዩም በ2024 የግዛቱ መንግሥት ክሱን ለማንሳት ጠይቆ ፍርድ ቤት ስለፈቀደ ተዘግቷል። እውነቱ ምንም ይሁን ምን ክሱ ራሱ ሂሳቡን አጋልጧል። አንድ ቤት በ4,800 የሚባዛ ከሆነ፣ አሥር ቤት የገዛ ሰው 48 ሺህ ቤት ገዛ ማለት ነው። በማስታወቂያ ገበያ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ነገር አይገኝም። ለዚህ ነው የቤቶቹ ሚስጥር መጠበቅ ከማናቸውም ቀመር የሚበልጠው፤ የሚያፈስሰውም ብዙውን ጊዜ ሳጥኑን ሊጠግን በየቤቱ የሚሄደው በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው። እሱን በደንብ መክፈል ከሶፍትዌር ይቀድማል ባይ ነኝ።

ባርክ የዜና ጣቢያዎችን ቁጥር ያን ጊዜ አቆመ። በመጋቢት 2022 ሲመለስ የየሳምንቱን ትቶ የአራት ሳምንት ተንከባላይ አማካይ፣ ማለትም በየሳምንቱ የሚታደስ የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት አማካይ፣ ማውጣት ጀመረ። አንድ ጣቢያ በአንድ ሳምንት ተመልካቹን እጥፍ ቢያደርግ በአማካዩ ላይ የሚታየው የ25 ከመቶ ጭማሪ ነው። ይህ ለአንድ ምሽት ጩኸት የሚሰጠውን ሽልማት ይቀንሳል። በሌላ በኩል ጥሩ ዘገባ ሠርቶ ተመልካች ያገኘ ጣቢያም ያው ይደበዝዝበታል። እኔ ግን ከነጉድለቱ እመርጠዋለሁ።

ልኬቱ በበጎ የተለወጠበትም ጊዜ አለ፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የቀድሞው ድርጅት የሚለካው ከተሞችን ነበር። ባርክ በ2015 መገባደጃ ገጠሩን ሲጨምር በመንግሥት ነፃ ዲሽ የሚተላለፉ፣ የድሮ ድራማ የሚደግሙ ጣቢያዎች ድንገት ወደ ላይኛው ረድፍ ወጡ። ገበሬዎቹ ያን ሳምንት ማየት አልጀመሩም፤ ድሮም ያዩ ነበር። የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም፤ ስላልተቆጠሩም የሚሠራላቸው ዝግጅት ጥቂት ነበር።

የቀረው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ከባርክ ድርሻ 60 ከመቶው የጣቢያዎች ማኅበር ነው፤ 20ው የአስተዋዋቂዎች፣ 20ው የማስታወቂያ ድርጅቶች። ተመዛኙ የሚዛኑን አብላጫ ይዟል። ድርሻውን እኩል ማድረግ ረጅም ድርድር ይጠይቃል፤ ዛሬውኑ የሚቻል ግን አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ጣቢያ አንደኛ ነኝ ብሎ ሰሌዳ ሲሰቅል፣ ከቁጥሩ ጎን በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው የዕድሜ ክልል፣ በስንት ሰዓት እና ከሁሉም በላይ በስንት ሳጥን ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ በዚያው የፊደል መጠን ይጻፍ። ከ30 ቤት በታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይውጣ።

በሚቀጥለው ክፍል ወደ ህንድ ጋዜጦች እንሄዳለን፤ ለምን ከታተሙበት ወረቀት ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጡ እናያለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።