ያ ቋጠሮ

እሺ... እንደምን ሰነበታችሁ። የፍሪጁ ነገር እንደዛው ነው። ካርፕ የሚባለውን አሳ የማጠምድበት ሊጥ አሁንም ከቅቤው ጎን ተቀምጧል፤ አትጠይቁኝ።

ሐምሌ ላይ አባዬን አሳ ልናጠምድ ኤሴክስ፣ እዚሁ እንግሊዝ፣ ይዤው እንደሄድኩ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ያልነገርኳችሁ አለ።

ሄር ሪግ፣ "የፀጉር ማጥመጃ" በሉት፣ እያሰርኩ ነበር። ናይለኑን መንጠቆው ዘንግ ላይ ሰባት ዙር ትጠመጥማለህ፤ ጫፉን ከኋላ በቀዳዳው መልሰህ ታወጣለህ። ሊጡ መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ አጠገቡ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ካርፑ ሊጡን ሲስብ መንጠቆው አብሮ ይገባል። ሊተፋው ሲል ከንፈሩን ይይዘዋል። ፈረንጆቹ መጀመሪያ የሞከሩት በእውነተኛ ፀጉር ነው ይባላል፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። የማን ፀጉር እንደነበር ግን... ተዉት።

አባዬ ሳቀ። የዝዋይ ሰው ነው፤ መረብ ሲጠግን የኖረ። "ባዶ መንጠቆ የሚውጥ አሳ እዚህ አገር ነው ያለው?" አለኝ። ከዛ "እስቲ አምጣው" ብሎ ወሰደና በራሱ ቋጠሮ አሰረው። በምራቁ አርጥቦ፣ ቀስ አድርጎ አጠበቀው። ናይለን ደረቁን ከተጎተተ ይሞቃል፤ ይደክማል። እኔ ይሄን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው።

ሽንት ቤት ሲሄድ ቆረጥኩት።

ቋጠሮውን አላውቀውማ! ፈራሁ። ሳይመጣብኝ ብዬ በጥድፊያ የራሴን አሰርኩ። አራት ዙር ይሁን አምስት፣ እንጃ። ማርጠቤንም እንጃ።

ሊነጋጋ ሲል አሳ ሲስብ የሚጮኸው አላርም ጮኸ። ከባድ ነበር፤ የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ። ከዛ... ላላ። ሳወጣው መንጠቆ የለም። አባዬ የናይለኑን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። ተጠቅልሏል። የተበጠሰ እንደዛ አይጠቀለልም፤ የተፈታ ነው። ማን ያስረዳዋል?

"ተፈታ" አለ። "የኔ እጅ ነው።"

እኔ ምን አልኩ? "ያጋጥማል አባዬ።"

ያጋጥማል! ደግሞ ብንይዘውም መልሰን ልንለቀው ነበር እኮ፤ እዚህ ማንም አይበላውም። ይሄን ሲሰማማ የባሰ ነበር የሚናደደው። ለሙሉ አሳ ምንጣፍ አንጥፌ፣ አስተኝቼው፣ ፎቶ አንስቼው... ዝዋይ ላይ ይሄን ብታወራ ጠበል ነው የሚወስዱህ።

እሁድ ደወልኩለት። መረቡን ለጎረቤት ልጆች ሰጥቶታል። "ቋጠሮዬ መያዝ ትቷል፣ አንተው አይተኸው የለ" አለኝ።

ልንገረው? በስልክ? ወይስ ለገና ሲመጣ... ይመጣ ይሆን እንጃ። ትናንት ሳስር ስምንት ዙር አደረግኩት። እና... ቆይ፣ ፍሪጁ ተከፈተ መሰለኝ።