«መውለድ ታስቢያለሽ?»

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ስሟን ሳልጠራ እንዳወራ ፈቅዳልኛለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት 29 ዓመቷ ነበር። ከወር አበባዋ ውጪ ደም ይታያት ጀመር፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ። ያላገባች ልጅ ይህን ለማን ትናገር? ወራት አለፉ። እኔ እንኳ የሰማሁት ናሙና ከተወሰደላት በኋላ ነው። ውጤቱ የማህፀን በር ካንሰር ነበር።

ሐኪሙ ቀና ብሎም አላያትም። «ማህፀኑ ይወጣል» አለና የስምምነት ቅጹን ገፋ አደረገላት። እስክሪብቶውን ያዘች። እናታችን አጠገቧ ቆማ «ዋናው ነፍስ ነው ልጄ» ትላለች። እኔም ዝም። ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ባል ስለሌላት ጥያቄው የማይመለከታት ይመስል! እሷም አፍራ ዝም አለች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «ነገ እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ ወደዚያ አልተመለስንም። የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት የሆነች ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ዶክተሯ ውጤቱን አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ ያለቻት «መውለድ ታስቢያለሽ?» ነው። እህቴ መመለስ አቃታት። ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ዶክተሯ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጣ ሳለችልን። ማህፀንን ጠባብ ጫፉ ወደ ታች የዞረ አቮካዶ በሉት። ፅንስ የሚያድገው ሰፊው ላይ ነው። ካንሰሩ ያለው ታች፣ የማህፀን በር የምንለው አንገቱ ላይ ነው። የእህቴ 1.4 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አንዲት ባቄላ ብታክል ነው። ከ2 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወደ ንፍፊት ካልሄደና የካንሰሩ ዓይነትም የሚፈቅድ ከሆነ፣ አንገቱን ከነዙሪያው አውጥቶ ሰፊውን መተው ይቻላል። የቀረው ከብልት ጋር ይሰፋል፤ ፅንስ እንዲይዝም ጠንካራ ክር ይታሰርበታል። ራዲካል ትራኬሌክቶሚ ይባላል። ዳኒኤል ዳርዣን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሊዮን ከተማ የጀመረው ነው፤ በፈረንጆቹ 1994 ለሌሎች ሐኪሞች አሳወቀው። ካንሰሩ ገና በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ከሆነማ፣ ከአንገቱ ሾጣጣ ቁራጭ ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ከባዱንም አልደበቀችንም። ፅንስ ሊጨነግፍ፣ ልጅ ያለጊዜው ሊወለድ ይችላል። መውለድ በኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ንፍፊቱ ላይ ካንሰር ከተገኘ ደግሞ እቅዱ ወደ ጨረር ይቀየራል። ጨረር እንቁላል ማምረቻውን ስለሚጎዳ፣ ስለ ልጅ መነጋገር የሚያስፈልገው ጨረሩ ሳይጀመር ነው።

እናቴ አልተሳሳተችም። ነፍስ ይቀድማል። ግን በደንብ ተመርምራ ለተመረጠች ሴት፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ማህፀኗ ከወጣላት ሴት ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱን ማማረጥ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ በር ጠባብ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ እህቶቻችን ሕክምና የሚደርሱት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። አገራችን ውስጥ የቅድመ ካንሰር ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ እህቴ 29 ነበረች። ስለዚህ ደም ካያችሁ ዕድሜያችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ እባካችሁ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱም በ2018 በፈረንጆቹ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር የእሷ ዕድሜ አልፎ ነበር።

ንፍፊቷ ንጹህ ሆኖ ተገኘ። ኦፕራሲዮኑ ተሠራላት። እስካሁን አልወለደችም፣ አላገባችምም። ክትትል ላይ ናት። ማክሰኞ ቀጠሮ አላት፣ አብረን እንሄዳለን። አሁን ጥያቄዎቿን በደብተር ጽፋ ነው የምትገባው። ትናንት አሳየችኝ። አንደኛው «ክሩ መቼ ነው የሚወጣው?» ይላል። «አይወጣም እኮ፣ እዚያው ነው የሚቆየው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፣ «ግን እሷ ራሷ ትንገረኝ።»