ቶም ከመጮሁ በፊት

እንደምን አመሻችሁ፣ ለአንድ ድመትና ለአንድ አይጥ ተብሎ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ በውነት አልጠበኩም ነበር፣ ተባረኩ።

ቶም ኤንድ ጄሪን የማያውቅ እዚህ መቼስ የለም። ልጅ ሆነን እንግሊዝኛ ሳንችል ሆዳችንን ይዘን እንስቅ የነበረው ምን ገብቶን ነው? ወሬ የለውማ! ወሬውን የሚያወራው የስኮት ብራድሊ ሙዚቃ ነው፣ ቶም በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ሙዚቃውም በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፣ ቶም ከደረጃ ሲንከባለል ኦርኬስትራው አብሮት ይንከባለላል።

ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ በ1940 ኤምጂኤም ለሚባለው የፊልም ኩባንያ ሲጀምሩት ቶም ስሙ ራሱ ቶም አልነበረም፣ ጃስፐር ነበር (ጃስፐር ኤንድ ጄሪ፣ አስቡት እስቲ)። ባርቤራ ቀልዱን እያመጣ ይስላል፣ ሃና ደሞ ሰዓቱን ይለካል፣ እና ቀልዱ ያለው እኮ ሰዓቱ ላይ ነው። ቶም ጣቱ በመዶሻ ሲመታ ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከዛ ነው የሚፈነዳው። እቺን ዝምታ አውጧት፣ የሚቀራችሁ የተመታ ድመት ነው፣ ማን ይስቃል?

አሁን ወደኛ ወደ ካርቱን ስዕል ሰብሳቢዎቹ በሽታ ልምጣ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፣ ሰባት ደቂቃ ማለት 10,080 ፍሬም፣ አንዱ ስዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ቢያገለግልም ያው በሺ የሚቆጠር ስዕል ነው፣ ሁሉም በእጅ! ሴል የሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ መስመሩን ከፊት ቀለሙን ከጀርባ ያደርጉና ካሜራ ስር ያነሱታል፣ በቃ። ከዛ በኋላ ብዙውን አጥበው ደግመው ይሰሩበታል ወይ ይጥሉታል፣ ዛሬ በጨረታ የምንሻማው ከዛ ቅርጫት የተረፈውን ነው። ዲዝኒ ግን ቀድሞ ነቅቷል፣ ከእ.ኤ.አ 1938 ጀምሮ ሳንፍራንሲስኮ ያለ ኩርቮይዚየር የሚባል ጋለሪ ሴሎቹን ይሸጥለት ነበር።

ሰው ሲገዛ ቶም ፈገግ ያለበትን ነው የሚፈልገው፣ እኔ ያለኝ ዲቪዲ ብቻ ቢሆንም ብር ባገኝ የምገዛው ጣቱ ካበጠ በኋላ ከመጮሁ በፊት ያለችውን ነው፣ ያቺ አስቀያሚዋን።

በሉ መብራቱን አጥፉልኝ። ጩኸቱ ሲመጣ ጆሯችሁን ጣሉበት፣ ማይክ ላይ የጮኸው አለቃው ሃና ራሱ ነው።