ባሮ ዳር ስንት እንግዳ ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬውን ዝግጅት የምቀርጸው እንደ ወትሮው ሱሉልታ ከሚገኘው ቤቴ ቢሆንም፣ የማወራችሁ ከዚህ በስተምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ስለምትገኘው ስለ ጋምቤላ ከተማ ነው። ወደዚያ ትንንሽ የጉዞ ቡድኖችን ማሰናዳት ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለች ሩቅ የወንዝ ዳር ከተማ በአንድ ጊዜ ስንት እንግዳ በደስታ መቀበል ትችላለች? አብዛኛውን ጊዜ ጉዞ አዘጋጆች የተጓዡን ቁጥር የምንቆርጠው በመኪናው ወንበር ልክ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን መቁረጥ ያለበት እንግዳውን የሚቀበለው ሰው ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ይህ እምነት ያደረብኝ በሱሉልታ ነዋሪነቴ ነው። አዲስ አበባ ዳር የምንኖር ሰዎች ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ተቀባዮች ነን። መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን፣ መኪኖች የእንጦጦን ተራራ ተሻግረው ይወርዳሉ፤ ሰው ፎቶ ይነሣል፣ እሳት አንድዶ ይጫወታል፣ ሲመሽም ወደ ከተማው ይመለሳል። አራትና አምስት ሆነው የሚመጡት ከጎረቤቴ ወተት ገዝተው ይጠጣሉ፣ ስለ ላሞቿ ይጠይቋታል፣ በሚቀጥለው ዓመትም በስሟ ጠርተው ሰላም ይሏታል። በአውቶቡስ የሚመጡት ግን ምግባቸውንም ውሃቸውንም ከከተማ ጭነው ስለሚመጡ፣ ለመንደሩ የሚተርፈው ባዶ ፕላስቲክ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ የሚሆነው ሰዎቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት ቤት ወተት ገዝቶ መጠጣት ስለማይችል ነው።

ወደ ጋምቤላ የሚወስድ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወንዙ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ወቅት ማወቅ አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በ1907 ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡናም በዚህ በር በኩል ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዞች በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ከተማዋ ድረስ መዝለቅ የሚችሉት ክረምት ላይ፣ ውሃው ሲሞላ ብቻ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ እስከተመለሰበት እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ ንግዱን የሚያዝዘው ወንዙ ነበር ማለት ይቻላል። ለመርከብ የተመቸው ወቅት ግን ለእኛ ጉዞ አይመችም፤ በነሐሴና በመስከረም ባሮ ዳርቻውን አልፎ ማሳና መንደር የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። በጋ ወንዝ ዳር የሥራ ወቅት ነው። ውሃው ሲሸሽ አኙዋዎች እርጥበት ባልተለየው የዳርቻ አፈር ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ኑዌሮች ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዙ ያወርዳሉ፤ ዓሣ አጥማጁም ታንኳውን ይዞ ይወጣል። እንግዳው የሚመጣው እንግዲህ ሰዎች እንጀራቸውን ወደሚያገኙበት ቦታ እንጂ ወደ ባዶ መናፈሻ አይደለም። ማለዳ እንግዳ በታንኳው የሚያንሸራሽር ሰው የዚያን ቀን ዓሣውን ትቶ ነውና፣ ክፍያው ቢያንስ የተወውን ዓሣ ዋጋ መሸፈን አለበት፤ ገንዘቡም አዲስ አበባ በተቀመጠ ደላላ እጅ ሳያልፍ፣ አስቀድሞ በተስማሙበት ልክ፣ በቀጥታ ለባለ ታንኳው፣ ለአብሳይዋና ለአስጎብኚው ሊደርስ ይገባል። በሰሜን ወሎ፣ መቄት አካባቢ፣ የገጠር ማኅበረሰቦች የራሳቸውን የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተው፣ ከመንደር መንደር በእግር የሚጓዘውን እንግዳ በየተራ ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ባለቤትነቱ በነዋሪው እጅ መሆኑ የሚያመጣውን ለውጥ ለመረዳት ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቡድኑ ትንሽ ሲሆን ዝግጅቱም መልኩ ይለወጣል። ድምፅ ማጉያና መድረክ አያስፈልግም፤ ማታ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ፣ አንድ አዛውንት ስለ ወንዙ የሚያወጉትን በአስተርጓሚ ማዳመጥ ብቻውን በቂ ዝግጅት ነው። እንዲህ ባለ ምሽት ላይ ሰዎች ስልካቸውን ረስተው ሲጠይቁና ሲጠየቁ ማየት እጅግ ያስደስተኛል። አዛውንቱ ካልፈቀዱ ፎቶ አይነሣም፤ ሕፃናትን ማንሣት ደግሞ ወላጅ ሳይጠየቅ ጨርሶ አይታሰብም።

ስለ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ የቦማ ብሔራዊ ፓርክ መካከል የሚመላለሰው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ፣ በአፍሪካ ከሚታወቁት ታላላቅ የዱር እንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ነው። ነገር ግን እንስሳቱ የሚንቀሳቀሱት ሣርና ውሃን ተከትለው ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ያለውም መንገድ ጥቂት ነው። ስለሆነም መንጋውን አሳያችኋለሁ ብዬ ለማንም ቃል አልገባም፤ ለማየት መሄድ የሚፈልግም ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ይሄዳል።

የቀረው አጭር ነው። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርና አጎበር መያዝ ግዴታ ነው። ባሮ ውስጥ አዞ አለ፤ ነዋሪው ግቡ ካላለ ውሃ ውስጥ አይገባም። የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ከሚኖሩ ሰዎች በየጊዜው እጠይቃለሁ፤ አትምጡ ካሉኝ፣ የአውሮፕላን ቲኬት የተቆረጠ ቢሆን እንኳ፣ ጉዞው ይተላለፋል።

ለመጪው ጥር ምግብ የሚያዘጋጁልን እናት፣ ከማሳቸው ሥራ ጋር አስተያይተው ስድስት ሰው ይበቃኛል ብለዋል። መመዝገብ የፈለጉት ከዚያ በላይ ስለሆኑ፣ ለቀሩት ደውዬ ለቀጣዩ በጋ ስማቸውን መያዜን ነግሬያቸዋለሁ።