ባሕር የሌለበት አድሚራል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንድ ማዕረግ ነው፤ አድሚራል።

«ወደብ የሌለው አገር አድሚራል ምን ይሠራለታል?» የምትለዋን ቀልድ ሰምታችኋል አይደል? እኔም ስቄባታለሁ። የማዕረጉን አመጣጥ ካየሁ በኋላ ግን ቀልዷ ቀዘቀዘችብኝ።

አድሚራል ሥሩ ዐረብኛ ነው። አሚር። አዛዥ ማለት ነው፣ በቃ። ባሕር የሚባል ነገር የለበትም። መጨረሻው ላይ ያለችው «አል» ከ«አሚር አል ባሕር» ተቆርጣ የቀረች ናት የሚሉ አሉ። የለም፣ ላቲኖች የቀጠሏት ናት የሚሉም አሉ። እኔ የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። ባሕሩ ሄዶ «አል» ብቻዋን ተንጠልጥላ ስትቀር ታሳዝናለች።

ነገሩ የሚጥመው ግን ሲሲሊ ላይ ነው። ደሴቲቱን ሙስሊሞች ይገዟት ነበር። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1072 እ.ኤ.አ. ፓሌርሞን ሲይዙ ማዕረጉን አልጣሉትም። ከተማዋን የሚያስተዳድረውን ሹማቸውን አሚር አሉት። ልብ በሉ፣ የሚያዘው ከተማ እንጂ መርከብ አይደለም።

በኋላ በንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ ዘመን የአንጾኪያው ጊዮርጊስ መጣ። ግሪክኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ነው፤ ቀደም ሲል ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ለሙስሊም ገዢዎች ሠርቷል። ሮጀር «የአሚሮች አሚር» አደረገው። መርከቦቹንም ቤተ መንግሥቱንም ጠቅልሎ ያዘ። ማዕረጉ ወደ ባሕር ያዘነበለው እንዲህ ባሉ ሰዎች ይመስለኛል። ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ፓሌርሞ ውስጥ ቆሟል፤ የአድሚራሉ ቅድስት ማርያም ይባላል። ሰውየው ራሱ በሞዛይክ ተሥሎበታል፤ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ። የዐረብ ማዕረግ ይዞ ማርያም እግር ሥር! ይህን ሥዕል እንዴት እንደምወደው።

አሚር እኛም ዘንድ ነበር። ሐረርን የገዙት አሚሮች ናቸው፤ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ በ1887 እ.ኤ.አ. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር እስኪሸነፉ ድረስ። እንግዲህ የሐረሩ አሚርና የእንግሊዙ አድሚራል በማዕረግ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ደገኛ፣ አንዱ መርከበኛ።

ባሕረ ነጋሽ፣ የድሮው የሰሜኑ ገዢ ማዕረግ፣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባሕሩ ስሙ ውስጥ አለ፤ መቀመጫው ግን ደባርዋ ነው፣ ከባሕሩ ርቆ ደጋ ላይ።

በዘመናዊው መንገድ አድሚራል ያየነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የልጅ ልጃቸው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ መኮንን ነበሩ፤ ምጽዋ ላይ። አባታቸውን ራስ ደስታ ዳምጠውን ጣሊያን ገደላቸው። እሳቸውን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከሌሎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሸናቸው። አባትም ልጅም በጥይት። እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዷ ጭራሽ አትመጣልኝም።

ከዚያ ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣች፤ ባሕሩም ሄደ፣ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። አሁን እንደገና ተቋቁሟል። ብርቅ ነገር አይምሰላችሁ። ቦሊቪያ የባሕር ዳርቻዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቺሊ በጦርነት አጥታለች። ባሕር ኃይሏ ግን ዛሬም አለ፤ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይቀዝፋል። አድሚራሎችም አሏት።