ሣጥን ውስጥ የተረሱት ፎቶግራፎች

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ ክቡራን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፤

ሰው ባረፈ ቁጥር ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ አንድ ዘመድ ጓዳ ገብቶ የሟቹን ፎቶግራፍ ሲፈልግ ሁላችንም አይተናል። በፎቶግራፍ ክምችት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከየቤቱ የሚመጡልኝን ስመረምር ግን ያልጠበቅሁትን ታዘብሁ፤ ሣጥን ውስጥ ከጋቢና ከነጠላ ጋር ተረስተው የኖሩት ብዙውን ጊዜ ደኅና ሲሆኑ፣ የተበላሹት ሳሎን የተሰቀሉት፣ ላሚኔት የተደረጉትና የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም የተደረደሩት፣ ማለትም አብልጠን የወደድናቸው ናቸው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ጄላቲን ውስጥ የተበተነ እጅግ ደቃቅ ብር ነው። ጄላቲኑ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆናል። ብሩ ደግሞ እንደ አንገት መስቀላችን በአየር ውስጥ ባሉ ጋዞች ስለሚጠቃ፣ ከጊዜ በኋላ የፎቶው ጠርዝ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። በማከማቻ ክፍል የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን የሚፈለገው ስለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ በመሆኗ በጋው ያግዘናል፤ የሚያሰጋን ክረምቱ ነውና ሣጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ።

ባለቀለሙ ፎቶ ከዚህ ይለያል፤ ቀለሙ ጨለማ ውስጥም ቢሆን ቀስ በቀስ ይለቅቃል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተነሡ ብዙ የሠርግ ፎቶዎች ቀልተው የምናያቸው ምስሉን ከሚሠሩት ሦስት ቀለሞች ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚደክም ነው። ስለዚህ ስካን ለማድረግ አቅማችሁ ለጥቂቱ ብቻ ከሆነ ባለቀለሞቹን አስቀድሙ።

ላሚኔትን በሚመለከት የምናገረው በደለኛም ሆኜ ነው፤ የእናቴን ፎቶ በገዛ እጄ ወስጄ አስደርጌአለሁ። ማጣበቂያው በሙቀቱ ከጄላቲኑ ጋር ስለሚዋሐድ ፎቶውን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። የአልበሙም ሙጫ እየቆየ ይጠቁራል፤ የፒቪሲ ፕላስቲክ ሽፋን ከሆነ ደግሞ ጎጂ ኬሚካል ይለቅቃል። አሲድ የሌለው ወረቀት ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ኪስ ይሻላል፤ ካልተገኘም የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ስላለው አትጠቅልሉበት።

በጀርባው ስም ለመጻፍ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ በፊት በኩል ይታተማል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይጋባል። የቀድሞ ሰዎች «ለማስታወሻ» ብለው የጻፉትንና የስቱዲዮውን ማኅተም ግን አትፋቁ፣ ፎቶው ከፍሬሙ ይበልጣል ብላችሁም አትቁረጡት። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሣ የነበረው የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ ማኅተም ያለበት ፎቶ በእጁ ያለ ሰው፣ ጀርባው ከፊቱ የማያንስ ማስረጃ መሆኑን ይወቅ።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ከመስተዋቱ ጋር ስለ ተጣበቀ ፎቶ ነው። በውኃ አርጥባችሁም ሆነ በቢላ ፈልቅቃችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ እንደ ተጣበቀ፣ በመስተዋቱ በኩል ጥሩ ቅጂ ይነሣለትና ከነመስተዋቱ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።