«ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ፖለቲካ ሲከራከር ያድራል»

ቅዳሜ በሬዲዮ ስለ ወጣቶች፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ጥያቄ ስንቀበል ስልኩ ፋታ አጣ። የደወለው አብዛኛው ሰው ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። ሰዓት አጥሮን በጥድፊያ የመለስኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሳቸው።

አንዲት እናት ከየካ አባዶ፦ «ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ፖለቲካ ሲከራከር ያድራል። በተናገረው ነገር ቢታሰርብኝስ? ስልኩን ልቀማው?»

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ስልኩን ግን አይቀሙት፤ ከጓደኛው ተውሶ ይገባል። ይልቅ ሕጉን አብራችሁ እዩት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ላይክና ታግ ማድረግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። ሼር ማድረግ ግን ሌላ ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ልጅዎ ይህን ቁጥር ይወቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ ይዘውት ሄደው ያውቃሉ? ላይቭ ላይ ልጁ እጁን ሲያወጣ ወዲያው ያስገቡታል። «ወንድሜ፣ ቀጥል» ይሉታል። ቤት ውስጥ ግን «አንተ ልጅ ነህ፣ ዝም በል» ነው። በ18 መምረጥ፣ በ21 መወዳደር ለሚችል ሰው ይህ ይከብዳል። የሚሰማው ባለበት ቢያድር አልፈርድበትም። እራት ላይ «ዛሬ በምን ተከራከራችሁ?» ብለው ይጀምሩ።

አንድ ወጣት ከኮዬ ፈጬ፦ «ትልልቆቹ የፌስቡክ አርበኛ ይሉናል። ሼር ማድረግ ተሳትፎ አይደለም?»

ተሳትፎ ነው ወንድሜ። ግን ሼር አድርገህ ከተኛህ እዚያው ይቀራል። በሰኔ 2016 የኬንያ ወጣቶች የታክስ ረቂቁን ቲክቶክ ላይ በየቋንቋቸው አብራሩ። የፓርላማ አባላቱን ስልክ ቁጥር ተቀባበሉ። ከዚያ አደባባይ ወጡ። ብዙ ወጣት ሞተ፤ ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ሰኔ 19 ቀን ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ልጆቹ የተቃወሙትን ነገር አንብበውት ነበር። እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

ከቅርብ ደግሞ ልንገርህ። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ላይኞቹ ብሎኮች ውኃ ካገኙ 3 ሳምንት አልፏቸው ነበር። ቴሌግራም ግሩፓችን በምሬት ቮይስ ተጥለቀለቀ። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ግን ደብተር ይዛ በየብሎኩ ዞረች። ውኃ መቼ መጣ፣ በስንት ሰዓት ሄደ ብላ መዘገበች። ገጹን ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ታችኞቹ ብሎኮች በሳምንት 2 ቀን ሲያገኙ እኛ ባዶ እንደሆንን ቁልጭ ብሎ ታየ። 14 ሰው ሆነን ደብተሩን ይዘን ውኃ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ኃላፊው «እናጣራለን» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ገጾቹን ሲያገላብጥ ዝም አለ። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል። በ8 ሰዓት ተነስተን ጀሪካን እንሞላለን፤ ያም ሆኖ ይመጣል። ያቺ ልጅ የሠራችው ፖለቲካ ነው። ስልኩ ባይኖር 14 ሰው አይሰበሰብም ነበር፤ ደብተሩ ባይኖር ደግሞ ማንም አይሰማንም ነበር።

አንዲት ወጣት ከቱሉ ዲምቱ፦ «የሚመጣልኝ ሁሉ ስድብና ጥላቻ ነው። ለምን?»

እህቴ፣ ስለምትቆዪበት ነው። ፌስቡክ ከ2017 እ.ኤ.አ ጀምሮ የተናደደውን ፊት ጨምሮ ለኢሞጂዎቹ ከላይክ 5 እጥፍ ክብደት ሰጥቶ ነበር። ኋላ ቢቀንሰውም፣ ቁጣ ሰው እንደሚያቆይ ሁሉም መድረክ ያውቃል። ስለ ሩቅ ጠብ 20 ቪዲዮ ታያለሽ፣ ስለ ወረዳሽ በጀት አንድም አታዪም።

ነገሩ ከስድብም ያልፋል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶአቸውና ስማቸው ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ በ2014 ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሷል፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የሰው ፎቶና አድራሻ ከስድብ ጋር ካየሽ አትለፊው፣ ሪፖርት አድርጊ። የሚያናድድሽ ነገር ላይ ደግሞ ለመስደብም ቢሆን ኮሜንት አትጻፊ፤ የጻፍሽው መልስ ራሱ ለሌላ ሰው ያደርሰዋል። ሦስቱን ነጥብ ተጫኚና ደብቂው። ለጥቂት ቀን ሳትሰለቺ አድርጊው፣ የሚመጣልሽ ነገር ሲለወጥ ታዪዋለሽ።